ልጅን ለቅርጫት ኳስ ትምህርት ቤት አደራ ስንሰጥ

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለወላጆች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ቢሮዬ መጣች። «ተቀመጪ» ብላት አልተቀመጠችም፤ ስልኳን ዘርግታ «እስቲ ይህን አንብቢልኝ» አለችኝ። ለልጇ የተላከ መልእክት ነው። ልጁ 16 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ96፣ አሥረኛ ክፍልን ለመጨረስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ላኪው አሰልጣኝ ነው። ውድድር ላይ አይቼሃለሁ፣ የቅርጫት ኳስ ፕሬፕ ስኩል (ለኮሌጅ የሚያዘጋጅ የግል ትምህርት ቤት) አለን፣ ስኮላርሺፕ እንሰጥሃለን፣ አሥረኛ ክፍልን ትደግማለህ፣ መልስህን በሁለት ሳምንት ውስጥ እፈልጋለሁ ይላል። ትምህርት ቤቱ በመኪና ስድስት ሰዓት ይርቃል። እናትየዋ ርቀቱን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም፤ ያስደነገጣት «ትደግማለህ» የምትለው ቃል ነበረች። «ልጄ እኮ ሰነፍ አይደለም። ምን አጥፍቶ ነው የሚደግመው?» አለችኝ።

ለእሷ የመለስኩላትን ነው ዛሬ ለእናንተም የምነግራችሁ። ተመሳሳይ መልእክት የደረሳቸው ቤተሰቦች እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ አሳይታችሁኛል። እኔ አሰልጣኝ አይደለሁም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካሪ ነኝ፤ ውዬ የማድረው የልጆችን ኮርስና ክሬዲት ስቆጥር ነው። ስለ ኳሱ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ አባቶች ከፊቴ ተቀምጠዋል። ስለ ወረቀቱ ግን ስሙኝ።

እኛ ባደግንበት አገር «ደጋሚ» መባል ውርደት ነበር። ሰኔ 30 ካርዱን በደብተሩ መሀል ሸሽጎ፣ ሰፈሩን ሁለቴ ዞሮ፣ ሲመሽ ቤት የሚገባ ልጅ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ አገር ግን ከ60,000 ዶላር በላይ በዓመት ከፍሎ ልጁን የሚያስደግም ወላጅ አለ፤ ስሙም «ሪክላስ» ነው። ቃሉ ቢያስደነግጠንም ነገሩ መሠረት አለው። ወላጅ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚገዛው ዋናው ዕቃ ጊዜ ነው። በ16 እና በ17 ዓመት መካከል ትከሻ ይሰፋል፣ እግር ይጠነክራል፤ ትናንት እየተገፋ ይወድቅ የነበረ ልጅ ዛሬ ገፍቶ ያልፋል። የኮሌጅ አሰልጣኝ የሚያየው ከእኩዮቹ አንድ ዓመት የበሰለውን ልጅ ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ይህ ጊዜ ይበልጥ ተወደደ። ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋች አንድ ዓመት ከጨዋታ ሳይቀመጥ ወደ ሌላ ኮሌጅ መዛወር ይችላል፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ ትምህርቱን እስካሟላ ድረስ ደጋግሞም ይዛወራል። አሰልጣኙ የ22 ዓመት ጎልማሳ ተጫዋች ከሌላ ኮሌጅ ማምጣት ሲችል የ18 ዓመት ልጅ እስኪበስል ለመጠበቅ ትዕግሥቱ ያንሳል። ስለዚህ ልጆች ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላም አንድ ዓመት ይጨምራሉ። ፖስት ግራጁዌት፣ በአጭሩ ፒጂ ይሉታል። በሰሜን ምሥራቅ ባሉት የቆዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይህ የኖረ ልማድ ነው። በ1820 የተመሠረተው የኒው ሃምፕሸሩ ብሩስተር አካዳሚ አንዱ ነው፤ ዛሬ በኤንቢኤ፣ ማለትም በአሜሪካ ትልቁ የባለሙያዎች ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የሚታወቀው ዶኖቫን ሚቼል ወደ ሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ያለፈው ከዚያ ነው።

ስለ ትምህርት ቤቶቹ ትንሽ ላውራችሁ፤ ሁሉም በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ አንድ አይደሉም።

ከሁሉ ስሙ የገነነው እዚሁ ጎረቤታችን ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ኦክ ሂል አካዳሚ ይባላል። ተራራ መሀል፣ ከኖርዝ ካሮላይና ድንበር አጠገብ፣ ማውዝ ኦፍ ዊልሰን በምትባል ትንሽ መንደር በ1878 የተቋቋመ የባፕቲስቶች ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው 200 አይሞላም። በዚያ ገጠር ስቲቭ ስሚዝ የሚባል አሰልጣኝ ከ1985 እስከ 2022 ቆይቶ ከ1,200 በላይ ጨዋታዎችን አሸንፏል። በኋላ የኤንቢኤ ኮከብ የሆነው የባልቲሞሩ ልጅ ካርሜሎ አንቶኒ የመጨረሻ ዓመቱን እዚያ የተማረው ኳሱ ጎድሎት አልነበረም፤ የትምህርት ውጤቱ ወደ ኮሌጅ ለመግባት የሚያሰጋ ስለነበረ ነው። ከከተማ ርቆ፣ የጥናት ሰዓት ተመድቦለት፣ ውጤቱን አስተካክሎ ሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ገባና በ2003 የኮሌጆችን ዋንጫ አነሣ። ፕሬፕ ስኩል ሥራውን በትክክል ሲሠራ ይህን ይመስላል። ልጁ የጎደለው ነገር ታወቀ፣ ያንን የሚሞላ ቦታ ተፈለገ፣ ተሞላ።

የእኛው የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ልጅ ኬቨን ዱራንትም በኦክ ሂል አንድ ዓመት ቆይቷል። ከዚያ በፊት ፎርት ዋሽንግተን ባለው ናሽናል ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ወደ ቤቱ ተመልሶ የመጨረሻ ዓመቱን ሮክቪል፣ ሞንትሮዝ ክርስቲያን ጨረሰ። ሞንትሮዝ በ2013 ተዘግቷል። ይህን የማነሣው በሌላ ምክንያት አይደለም፤ በዘመኑ አገር ያወቀው ትምህርት ቤትም ቢሆን ሊዘጋ እንደሚችል እንድታስቡበት ነው። ልጃችሁ የተማረበት ቤት ቢዘጋ ትራንስክሪፕቱን፣ ማለትም የውጤት መዝገቡን፣ ከማን ትጠይቃላችሁ? ስለዚህ በየሴሚስተሩ መጨረሻ ማኅተም ያለበትን ኮፒ ተቀብላችሁ እቤታችሁ አስቀምጡ። የጋብቻ ወረቀታችሁንና ፓስፖርታችሁን በምታስቀምጡበት ቦታ።

ወደ ፍሎሪዳ ስንወርድ ነገሩ ይሰፋል። በ1912 የተመሠረተው ሞንትቨርዴ አካዳሚ አሰልጣኝ ኬቨን ቦይል በ2011 ከመጣ ወዲህ ከአገሪቱ ትልልቅ የቅርጫት ኳስ ቤቶች አንዱ ሆኗል። በ2019-20 የውድድር ዘመን 25 ተጫውቶ 25 አሸነፈ፤ በኋላ ኤንቢኤ የገቡት ኬድ ከኒንግሃምና ስካቲ ባርንስ በአንድ ቡድን ነበሩ። በ2023-24 ደግሞ 33 ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ጨረሰ፤ ያኔ ኩፐር ፍላግ ነበረበት። የፍላግ ነገር ይገርመኛል። ከሜይን ግዛት፣ ኒውፖርት ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣ ልጅ ነው፤ በዘጠነኛ ክፍል የመንግሥት ትምህርት ቤቱን የግዛቱ ሻምፒዮን አድርጎ ነው የሄደው። ሁሉም አንድ ዓመት ሲጨምር እሱ አንድ ዓመት ቀንሶ ቀድሞ ጨረሰ። ዱክ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት አብዛኛውን ዓመት 18 ዓመቱ ነበር፤ በ2025 የኤንቢኤው ቡድን ዳላስ ከአዲስ ገቢ ተጫዋቾች ሁሉ በአንደኛ ደረጃ መረጠው። መድገም ለሁሉም የሚታዘዝ መድኃኒት አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

እዚያው ፍሎሪዳ፣ ብራደንተን ያለው አይኤምጂ አካዳሚ በ1978 የኒክ ቦሌቲየሪ የቴኒስ ማሰልጠኛ ሆኖ ነው የጀመረው። ዛሬ ቅርጫት ኳስን ጨምሮ ብዙ ስፖርቶች አሉት። በ2023 ሲሸጥ ዋጋው 1.25 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ይህን ቁጥር በልቡናችሁ ያዙት። ሜዳው ያማረ ነው፣ ሐኪሙ አለ፣ ምግቡ ተመዝኖ ይቀርባል፣ መምህሩም አለ። ግን ንግድ ነው፤ ገዢው እናንተ ናችሁ። ገዢ ደግሞ ይጠይቃል። መርካቶ ሄደን ጨርቁን ሳንዳስስ፣ በብርሃን ሳናየው የማንገዛ ሰዎች ለልጃችን ትምህርት ቤት ስንፈርም ለምን እናፍራለን?

ከእነዚህ ሌላ ቡድኑ ቀድሞ ትምህርቱ የተከተለባቸውም አሉ። በ2006 ኔቫዳ፣ ሄንደርሰን ላይ አንድ የመኪና ነጋዴ ፊንድሌይ ፕሬፕን አቋቋመ። ጥቂት ተጫዋቾች ብቻ ነበሩ፤ የሚማሩት ከአንድ የግል ትምህርት ቤት ጋር በተደረገ ትብብር ነው። በ2009፣ በ2010 እና በ2012 የአገሪቱን ትልቁን የትምህርት ቤቶች ውድድር አሸነፈ። አንቶኒ ቤኔት ከዚያ ወጥቶ በ2013 በኤንቢኤ ምርጫ አንደኛ ሆነ። በ2019 ትብብሩ ሲያበቃ ቡድኑም አበቃ። ዋንጫዎቹ ሊያቆዩት አልቻሉም፤ ትምህርቱ የተበደረው ነበርና።

ይህ ሁሉ ትምህርት ቤት ለምን እንደበዛ ብትጠይቁኝ አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። ኬቨን ጋርኔት በ1995፣ ኮቢ ብራያንት በ1996፣ ሌብሮን ጄምስ በ2003 ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ወደ ኤንቢኤ ገብተዋል። በ2005 የተፈረመው የሊጉ ስምምነት ግን ተጫዋቹ 19 ዓመት እንዲሞላውና የእኩዮቹ ክፍል ከተመረቀ አንድ ዓመት እንዲያልፍ ደነገገ። በአብዛኛው መንገዱ በኮሌጅ በኩል ሆነ፤ ኮሌጅ ለመግባት ደግሞ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀት ሲፈለግ ወረቀት የሚሸጡ ሰዎች ተፈጠሩ። በ2005 እና በ2006 ትልልቅ ጋዜጦች ያወጡትን የሚያስታውስ ያስታውሳል። መምህር የሌላቸው፣ መማሪያ ክፍል የሌላቸው፣ ለኳስ ተጫዋች ውጤት የሚያትሙ ቤቶች ነበሩ። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ፣ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ.፣ በ2006 የትምህርት ቤቶችን ስም አውጥቶ ከእነዚህ የሚመጣ ውጤት አልቀበልም አለ። ከዚያ ወዲህ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ራሱ ይመረምራል።

አሁን ወደ እኔ ሥራ መጣን። እባካችሁ ብዕር ያላችሁ ጻፉ።

ልጃችሁ በዲቪዚዮን 1፣ ማለትም በላይኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ፣ እንዲጫወት ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የተቀበላቸውን 16 ኮር (መሠረታዊ) ኮርሶች መጨረስ አለበት። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ሌላም። በእነዚህ ኮርሶች ብቻ የሚሰላው አማካይ ውጤቱ በ4.0 መለኪያ ከ2.3 ማነስ የለበትም። ስፖርት፣ ሥዕል፣ ምግብ ዝግጅት አይቆጠሩለትም። ከ16ቱ አሥሩን የመጨረሻው ዓመት ከመጀመሩ በፊት መጨረስ አለበት፤ ከአሥሩም ሰባቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ መሆን አለባቸው። በእነዚያ በአሥሩ ያገኘው ውጤት ያኔ ይቆለፋል፤ በኋላ ደግሞ ወስዶ ማሻሻል አይችልም። የኮሌጅ መግቢያው የኤስኤቲ ፈተና ግዴታ በ2023 ተነሥቷል። ያ ማለት የክፍል ውጤቱ ብቻውን ቀረ ማለት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተውን ልንገራችሁ። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ልጁ ዘጠነኛ ክፍል በገባበት ቀን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ዓመት፣ ስምንት ሴሚስተር አለው። ዘጠነኛ ክፍልን ከጀመረ በኋላ ቢደግም ትምህርት ቤቱ አዲስ ክፍል ይሰጠዋል፣ መዝገቡም ላይ አዲስ የምረቃ ዓመት ይጻፋል፤ የኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ሰዓት ግን አይመለስም። በሰዓቱ የተመረቀ ልጅ ከምረቃ በኋላ መጨመር የሚችለው አንድ ኮር ኮርስ ብቻ ነው። አንድ! የፒጂ ዓመት ሰውነቱን ያጠነክርለታል፣ የአሰልጣኞችን ዓይን ያገኝለታል፣ አምስት የጎደሉ ኮርሶችን ግን አይሞላለትም። አሥረኛ ክፍልን ድገም የተባለው የዚያች እናት ልጅ ሦስት ዓመት ያለው ይመስለዋል። ለኮር ኮርሶቹ ያለው ሁለት ነው።

ለዚህ ነው የሰባተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል ልጅ ወላጅ ከሆናችሁና መድገም ካሰባችሁ ከዘጠነኛ ክፍል በፊት አስቡት የምለው። ከዚያ በኋላ ያለው መድገም ለኳሱ ነው፤ ለወረቀቱ አይደለም። ደግሞ ልጁ ሳይመቸው ቀርቶ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቱ ልመለስ ቢል፣ የብዙ ግዛቶች ሕግ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሴሚስተሩንም ዕድሜውንም ይቆጥራል። ክፍል ውስጥ ይቀበሉታል፣ ሜዳ ላይ ላይፈቀድለት ይችላል።

ይህን ሁሉ የማውቀው በሥራዬ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር።

የእህቴ ልጅ ረጅም ነበር። ልጅ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሰው ሁሉ እያቆመ «ይህ ልጅ ኳስ ይጫወታል?» ይላል። ይጫወት ነበር፤ ጎበዝ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ከሌላ ግዛት አሰልጣኝ ደወለ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ስኮላርሺፕ አሉ። እህቴ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ በሁለት ፈረቃ ነው የምትሠራው። ስኮላርሺፕ ሲባል ሁሉ ነገር መሰላት። ልጁ ከሄደ በኋላ ነው ስኮላርሺፑ የትምህርቱን ክፍያ እንጂ መኝታውን፣ ምግቡን፣ የጉዞውን እንደማያጠቃልል የተነገራት። ዕቁቧን ለምና ቀድማ ወስዳ 9,000 ዶላር ላከች። እኔ ያኔ አማካሪ ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ።

በጥር ልንጠይቀው ሄድን። አሥራ ሁለት ልጆች በአንድ የኪራይ ቤት ነበሩ። በአንድ መኝታ ቤት አራት ፍራሽ። ጠዋት ልምምድ፣ ከሰዓት በኮምፒውተር ትምህርት። መምህር አላየሁም፤ አንድ ወጣት መጥቶ ስም ይጠራል፣ ይሄዳል። ልጁ ግን ደስተኛ ነበር። ያቀፈኝን አስታውሳለሁ፤ ደረቱ እንደ ግድግዳ ጠንክሮ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ትልልቅ አዳራሽ ውስጥ ይጫወታሉ፣ የኮሌጅ አሰልጣኞች ወንበር ይዘው ያዩዋቸዋል። ተደሰትኩ። ስለ ፍራሹ ለእህቴ በመንገድ ላይ ተናገርኩ። ስለ ኮርሶቹ ግን አልጠየቅሁም። እንድንጠይቀው ነው የሄድነው፤ እኔ ደግሞ መጠየቅ ሙያዬ ነው።

በሚያዝያ አንድ የዲቪዚዮን 1 ኮሌጅ ወደደው። ትራንስክሪፕቱን ጠየቁ። በዚያ ቤት ከወሰዳቸው ኮርሶች አራቱ በተቀባይነት ዝርዝሩ ላይ አልነበሩም። በኮምፒውተር የሚሰጥ ትምህርት ሊቆጠር ይችላል፤ ግን ከመምህር ጋር በየጊዜው የሚገናኝበት፣ የሚያርመው፣ የሚያስረዳው ሰው ያለበት መሆን አለበት። የእሱ እንደዚያ አልነበረም። ጥሪው ተሰረዘ። የሰረዙት ሰዎች በትህትና ነው የሰረዙት፤ ሕጉ ነው። እህቴ እስከ ዛሬ «አንቺ እያለሽ» ብላ አታውቅም። አለማለቷ ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ።

ልጁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባ፣ ሁለት ዓመት ተጫወተ፣ ዛሬ የራጅ ቴክኒሻን ነው፤ ደህና ነው። ያንን በር ግን አላገኘውም።

እንግዲህ ከአደራ እንጀምር። በአገራችን ልጅ ለትምህርት ወደ ከተማ ሲላክ ወላጅ አክስት ቤት ነው፣ የክርስትና አባት ቤት ነው ብሎ የሚያርፍበትን አውቆ ነው የሚልከው። እዚህም እንደዚያው ይሁን። ልጁ የሚያድርበትን ክፍል ሂዱና እዩ፤ ፎቶ አይበቃም። ሌሊት ቢታመም ማን ይወስደዋል? ጉልበቱ ቢጎዳ የማን ኢንሹራንስ ይከፍላል? ስኮላርሺፑ ጉዳት ከደረሰበት በኋላ ይቀጥላል? ይህ በጽሑፍ ይሁን። ስኮላርሺፕ የሚሸፍነውንና የማይሸፍነውን በዶላር አስጽፉ። ሕጋዊ ሞግዚትነት ፈርሙልን ካሏችሁ ጠበቃ ሳታማክሩ ፈጽሞ አትፈርሙ። ልጃችሁን በፊርማ መስጠትና ማስተማር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከአገር ቤት ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ለማምጣት የምታስቡም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። በአፍሪካ ይህ መንገድ ብዙ ልጆችን አሻግሯል። ሉዎል ዴንግ ቤተሰቡ ከሱዳን ሸሽቶ በግብፅ፣ ከዚያም በለንደን ካደገ በኋላ በ14 ዓመቱ ኒው ጀርሲ፣ በ1848 የተመሠረተው ብሌር አካዳሚ ገባ። ከዚያ ዱክ፣ ከዚያ በ2004 በሰባተኛ ደረጃ ኤንቢኤ። ዛሬ የጎረቤታችን የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን መሪ ነው፤ ቡድኑ በፓሪሱ የ2024 ኦሊምፒክ ተጫውቷል። ካሜሩናዊው ጆኤል ኤምቢድ በ2011 ሞንትቨርዴ ሲመጣ እንግሊዝኛ አይናገርም ማለት ይቻላል፤ ኳስም ገና መጀመሩ ነበር። እዚያ ተሰላፊነት አላገኘም። አንድ ዓመት ቆይቶ ጌይንስቪል ወዳለ ዘ ሮክ ወደሚባል ትንሽ ትምህርት ቤት ተዛወረ፤ የተጫወተው እዚያ ነው። በ2023 የኤንቢኤ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ስሙ የገነነ ቤት ሁልጊዜ ለልጃችሁ የሚሆን ቤት አይደለም፤ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ልጅ አይታይም።

አሁን አሁን ደግሞ አገር ሳይለቁ የሚማሩበት ዕድል አለ። ሴኔጋል ውስጥ አማዱ ጋሎ ፎል በ1998 የጀመረው ሲድ የተባለ ማዕከል ትምህርትና ኳስን አብሮ ያስኬዳል፤ ጎርጊ ዲዬንግ ከዚያ ወጥቶ በዌስት ቨርጂኒያው ሀንቲንግተን ፕሬፕ በኩል ሉዊቪል ደርሶ በ2013 የኮሌጆችን የፍጻሜ ጨዋታ ያሸነፈው ቡድን አባል ነበር። ኤንቢኤም በ2017 እዚያው ሴኔጋል አካዳሚ ከፍቷል። በደቡብ ሱዳን ተወልዶ ኡጋንዳ ያደገው ካማን ማሉዋች ከዚያ አካዳሚ በቀጥታ ዱክ ገባ፣ በ2025 በአሥረኛ ደረጃ ተመረጠ።

ስለ ቪዛው ባጭሩ። ኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ለመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢበዛ ለ12 ወር ነው፤ ወጪውንም ሙሉ መክፈል አለበት። ለዚህ ነው ከውጭ የሚመጡ ልጆች የግል ትምህርት ቤቶችን የሚሞሉት። የልጁ ቪዛ የታሰረው ከዚያ ትምህርት ቤት ጋር ነው። አሰልጣኙ ቢጣላው፣ ቤቱ ቢዘጋ፣ ሌላ ፈቃድ ያለው ትምህርት ቤት በጊዜው ካልተቀበለው የመኖር ፈቃዱ አደጋ ላይ ይወድቃል። በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ከ2021 ጀምሮ ለኮሌጅ ተጫዋች ቢፈቀድም በኤፍ-1 ያለ ልጅ ውል ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማነጋገር አለበት። የአገር ቤቱ ዘጠነኛ ክፍልም ይቆጠራል። አዲስ አበባ ዘጠነኛን ከጀመረ ሰዓቱ ያኔ ጀምሯል፤ ካርዱን ከነማኅተሙ፣ ከነትርጉሙ ይዞ ይምጣ።

ከፊቴ አንድ አባት እጅ አወጡ፤ «ታዲያ እዚሁ ቢማርስ?» ነው ጥያቄያቸው። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አባቴ። ሃያትስቪል ያለውን ዴማታ ትምህርት ቤትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሞርጋን ዉተን እዚያ ከ1956 እስከ 2002 አሰልጥኖ 1,274 ጨዋታ አሸንፏል። በጥር 1965 ሉ አልሲንዶር፣ በኋላ ካሪም አብዱል ጀባር የተባለው፣ የነበረበትን የኒው ዮርክ ቡድን 46 ለ43 አሸንፎ የ71 ጨዋታ ድሉን አቋረጠው። ለዚያ ጨዋታ ሲዘጋጁ የአልሲንዶርን ክንድ ርዝመት ለመልመድ ተከላካዮቹ የቴኒስ ራኬት ወደ ላይ ይዘው እንዲቆሙ አደረገ። እኔን የሚነካኝ ግን ሌላው ነው፤ ዉተን በዚያው ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነበር። ልጆቹን ሜዳ ላይ ከማየቱ በፊት ክፍል ውስጥ ያያቸው ነበር። ከዚያ ቤት ቪክተር ኦላዲፖና ማርኬል ፉልትዝ ወጥተዋል፤ ማታ ማታ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ልጁ እናቱ ቤት እያደረ በአገሪቱ ጠንካራ ከሚባሉት ሊጎች በአንዱ መጫወት በሚችልበት አካባቢ ነው ያላችሁት። ስድስት ሰዓት ነድታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ሃያ ደቂቃ ነድታችሁ እዩ።

ቁጥሩንም ሳልነግራችሁ አልሄድም። በአገሪቱ ወደ 540,000 ወንዶች በሁለተኛ ደረጃ ቅርጫት ኳስ ይጫወታሉ። ከእነሱ በኤን.ሲ.ኤ.ኤ. በየትኛውም ደረጃ የሚጫወቱት 3.5 በመቶ ያህል ናቸው፤ ዲቪዚዮን 1 የሚደርሱት ከመቶ አንድ ናቸው። ኤንቢኤ በዓመት የሚመርጠው ከዓለም ሁሉ 60 ገደማ ነው። ይህን የምለው ልጁን ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። አትንገሩትም። ለእናንተ ነው የምነግራችሁ፤ ዕቁቡን የምትሰጡት እናንተ ናችሁና። ስኮላርሺፕ በዲቪዚዮን 2ም አለ። ዲቪዚዮን 3 የስፖርት ስኮላርሺፕ ባይሰጥም ጥሩ ውጤት ላለው ልጅ ሌላ ድጋፍ የሚሰጡ ግሩም ኮሌጆች አሉበት። እነዚያ በሮች ሁሉ የሚከፈቱት በዚያው ወረቀት ነው።

ያቺን እናት በመጨረሻ አስቀመጥኳት። ሻይ ጠጣን። ለአሰልጣኙ ምን ብዬ ልመልስለት አለችኝ። «አሰልጣኝ፣ ስለ ልጄ ስላሰብክ አመሰግናለሁ። የትምህርት ቤትህን ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ ላክልኝ» ብላ እንድትጽፍ ነገርኳት። እያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮድ አለው፤ በዚያ ኮድ የኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ የተፈቀዱለትን ኮርሶች ዝርዝር ማንም ሰው በነፃ ያያል። ነፃ ነው። እኔ በእህቴ ልጅ ጊዜ ያላየሁት ዝርዝር ይህ ነው።

ኮዱ በሦስተኛው ቀን መጣ። አብረን ከፈትነው፤ ልጁም መሀላችን ቆሞ ነበር፣ አንገቱን ጎንበስ አድርጎ። እንግሊዝኛው አለ። አልጀብራ ሁለት አለ። ታሪኩም አለ። ልጁ የሚቀጥለው ዓመት የሚወስደውን ኬሚስትሪ ፈለግን፤ ዝርዝሩ ላይ አጣነው። እናትየዋ ስልኳን ለልጇ ሰጠችው። «አንተ ጻፍለት፤ ኬሚስትሪውን ማን ያስተምራል በለው» አለችው። አሁን መልሱን እየጠበቅን ነው።